ተጋጣሚ ወይስ ጠላት?

በመርሳና በወልድያ ካሉ የወጣት ኅብረቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ስናጠና ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንዴ በቀልድ፣ አንዳንዴ ከልብ ይጠየቃል፦ «መምህር፣ ክርስቲያን ቲፎዞ መሆን ይችላል?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ማታ በዲኤስቲቪ ቤት የእንግሊዝን ጨዋታ ሲያይ አምሽቶ፣ እሑድ ጠዋት በተዘጋ ድምፅ መዘምራን መካከል የሚቆም ልጅ ነው። የሚፈልገውም «አዎ» ወይም «አይ» የሚል አጭር መልስ ነው።

በየቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ዓይነት አጭር መልስ ይሰማል። አንዱ «ኳስ የዓለም ነው፤ ተወው» ይላል። ሌላው «ምን ችግር አለው? ጨዋታ እኮ ነው» ይላል። ሁለቱም ጥያቄውን ሳይነኩት ያልፋሉ። ሰው ኳስን ትቶ ወገንተኝነትን ከልቡ ሳያወጣ መኖር ይችላል፤ ስታዲየም ደጅ ሳይደርስ በየቡና ቤቱ፣ በየስልኩ፣ አልፎም በጸሎት ቤት ውስጥ ቲፎዞ ሆኖ የሚኖር አለ። «ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው ደግሞ በአገራችን ጨዋታ ከጨዋታነት ያለፈበትን ቀን ረስቷል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብናደርገው ይሻላል፦ የራስን መውደድ ምን ላይ ሲደርስ ነው የሌላውን መጥላት የሚሆነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለሰሜን ወሎ ልጆች ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። በገዛ ከተማችን፣ በገዛ ሜዳችን የተፈተንበት ነው።

የ2010 የውድድር ዓመት

ወልድያ ስፖርት ክለብ በ2007 የውድድር ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ተሳትፎ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ተመልሶ ገባ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ ልጅነቱን በወልድያ ባሳለፈው ባለሀብት ስም የተሰየመው ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ በዘመኑ በክልል ከተሞች ብርቅ የነበረ ስታዲየም ነው። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከቆቦ፣ ከገጠሩም ጭምር ሰው እየተጫነ ወደ ወልድያ ይወጣ ነበር። በሬዲዮ ብቻ ይሰሙ የነበሩት ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና እኛው ደጅ መጥተው ሲጫወቱ ማየት ደስታ ነበረ። ደስታው ትክክለኛ ደስታ ነው። ሰው ከተማውን ቢወድ፣ በከተማው ስም ቢዘምር የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ጌታችንም ኢየሩሳሌምን አይቶ ያለቀሰው ስለሚወዳት ነው።

በ2010 የውድድር ዓመት ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ኅዳር 24 ቀን እሑድ ወልድያ በሜዳው መቀሌ ከተማን ሊያስተናግድ ቀጠሮ ነበረው። ደጋፊዎችም ከመቀሌ ተጉዘው መጥተው ነበር። ጨዋታው አልተካሄደም። በከተማው ውስጥ ግጭት ተነሣ፤ ሰው ተጎዳ፤ ንብረት ወደመ። ኳስ ለማየት የመጣ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሸሽ እንግዳ ሆነ። ዓመታት ያብሮን ነጋዴ በሱቁ ሳይሆን በተወለደበት ቦታ የተመዘነበት ቀን ሆነ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ በዓል ላይ፣ በዚያችው ወልድያ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገደሉ። ሐዘኑና ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ እኛዋ መርሳ ተሻገረ፤ በዚህም የሰው ሕይወት ጠፋ። ይህን የምጠቅሰው የኅዳሩን በጥሩ ለማቻቻል አይደለም። አንዱ ደም ሌላውን አያጥብም። የምጠቅሰው በዚያ ዓመት ስታዲየም ውስጥ የሚዘመረውና መንገድ ላይ የሚሆነው እየተቀላቀለ እንደሄደ ለማሳየት ነው።

በዚያው ዓመት በሊጉ ዳኞች ላይ ድብደባ ተፈጸመ። በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ ስታዲየም አንድ ዳኛ ሜዳ ላይ ሲደበደብ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ፤ ሊጉም ለጊዜው ተቋረጠ። ይህን ያደረገው የየትኛው ክለብ ሰው እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ከእኛ ገሚሱ «አየህ፣ እነሱ ናቸው!» ብሎ እፎይ ይላል። ያ እፎይታ ራሱ የምንነጋገርበት በሽታ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሊጉ የተሳተፈው ጅማ አባ ጅፋር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሶ በግብ ልዩነት ዋንጫውን አነሣ። እንደ ስፖርት ትልቅ ታሪክ ነበረ፤ የምናስታውሰው ግን ጥቂቶች ነን። ወልድያም ወረደ። «እግዚአብሔር ቀጣን» ያሉ ነበሩ። እንዲህ ለማለት ማናችንም ሥልጣን የለንም፤ ጌታ በሉቃስ 13 ላይ ግንብ ስለወደቀባቸው ሰዎች ሲናገር ሰሚዎቹን ወደ ገዛ ልባቸው እንደመለሳቸው እናውቃለን። እኛም ወደ ገዛ ልባችን እንመለስ።

ሁለት ቃላት

«ቲፎዞ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በጣልያንኛ ሥሩ የበሽታ ስም ነው፤ እኛ ተስቦ የምንለው ዓይነት፣ ሰውን በትኩሳት የሚያነድ በሽታ። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ስታዲየም ውስጥ ያለው ሰው እንደ ታማሚ ሲቃዥ አይተው ይሆናል። ተስቦ ሁለት ጠባይ አለው፦ ትኩሳት ነው፣ ደግሞም ይዛመታል። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ፈጽሞ የማይናገረውን ስድብ አሥር ሺህ ሰው መካከል ሲሆን እየዘመረ ይናገረዋል። ከዚያ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ትኩሳቱ ይለቀዋል፤ የተናገረውን ሌላ ሰው የተናገረው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ቃል የራሳችን ነው፤ «ግጥሚያ»። የዚህን ቃል ዘመዶች አስቡ። ክዳን ከድስቱ ጋር ሲስማማ «ገጠመ» እንላለን። ሁለት መንገድ የሚገናኝበትን «መጋጠሚያ» እንላለን። ቃል ከቃል ተስማምቶ ሲሰካ «ግጥም» ይባላል። እንግዲህ ተጋጣሚ ማለት፣ ቋንቋችን እንደሚያስተምረን፣ ከእኔ ጋር የሚገጥም፣ ያለ እርሱ እኔ ሙሉ የማልሆንበት ሰው ነው። አሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሜዳ ቢገባ ልምምድ እንጂ ጨዋታ አይባልም። ተጋጣሚዬ ጎበዝ ሲሆን ያልነበረኝን ጉልበት ያወጣልኛል። እርሱ ባይመጣ ድል የሚባል ነገር የለኝም፤ ለፎርፌ ማን ይጨፍራል?

«ጠላት» ደግሞ «ጠላ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቃሉ ስለ ሌላው ሰው ማንነት ብዙ አይነግረንም፤ የጠላው ሰው ልብ ውስጥ ስላለው ነገር ነው የሚነግረን። ተጋጣሚ የሚሆነው በሜዳው ሕግ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ሲያልቅ ያበቃል። ጠላት የሚሆነው በልባችን ነው፤ እኛ ካላበቃነው አያበቃም። ስለዚህ «የራስን መውደድ የት ላይ ነው የሌላውን መጥላት የሚሆነው?» ለሚለው የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው፦ ተጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ፣ ባይኖር ይሻል ነበር ብለን የተመኘን ጊዜ።

ይህ ምኞት ወዴት እንደሚወስድ አይተናል። በእነዚያ ዓመታት የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆን የተደረገበት ጊዜ ነበረ። አንዱ የሌላውን ከተማ መርገጥ አልቻለም። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታና ፋሲል ከነማ ለዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ተናነቁ፤ መቀሌም ወሰደ። በ2013 ጦርነት ሆነና ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ሠንጠረዥ ላይ ጠፉ። በዚያ ዓመት ዋንጫውን ፋሲል ከነማ አነሣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ደግሞ ጦርነቱ ወልድያንና ሐብሩን ራሳቸውን ይዞ ከረመ። ያ ወቅት ምን እንደነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ክለቦቹ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። ኳስ ጦርነቱን አመጣ አልልም፤ ጦርነት ከኳስ የከበደ ምክንያት አለው። ግን አንድ ሕዝብ ሌላውን «እነሱ» ብሎ በአንድ ድምፅ መጥራትን የሚለማመድበት ቦታ ያስፈልገዋል። እኛ የተለማመድነው ትኬት ቆርጠን ነው።

«ግን እነሱ በድለውናል»

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። አንድ ወጣት እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ቁጣው ከባዶ አልመጣም። በደል ነበረ፤ ሰው ታስሯል፤ ተገድሏል። ዝም በሉ ነው የምትለን?»

አይደለም። በደልን በደል ማለት የክርስቲያን ግዴታ ነው። ነቢያቱ አሞጽና ሚክያስ ዝም አላሉም፤ እኛም የተገደለ ሲቀበር አንገታችንን ደፍተን «ፖለቲካ ነው» ብለን ልናልፍ አይገባም። ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በደሉን የሚከፍለው ማን ነው? ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን አንብቡ። በዘመኑ ሰዎች አባት በሠራው ልጅ ይቀጣል የሚል አባባል ነበራቸው። እግዚአብሔር አባባሉን ከአፋቸው አስወገደው፤ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ሥራው እንደሚጠየቅ ነገራቸው። ልጅ እንኳን የአባቱን ዕዳ ካልተሸከመ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ የክለቡን መለያ ለብሶ የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ የባለሥልጣንን ዕዳ እንዴት ይሸከማል? ያንን ልጅ ከበደለኛው ጋር የሚያገናኘው ቋንቋውና የትውልድ ስፍራው ብቻ ነው። በቋንቋው ከቀጣነው ደግሞ እኛ ራሳችን «በቋንቋዬ ተበደልኩ» ብለን የምንጮህበትን ምክንያት በገዛ እጃችን አፈረስነው።

ይህ ነጥብ ቀላል አይደለምና ደግሜ ልበለው። የእኛ አቤቱታ ትክክል የሚሆነው «ሰው በዘሩ አይፈረድበትም» በሚል መሠረት ላይ ስለቆመ ነው። በዘር ስንበቀል የምንመታው ሌላውን ብቻ አይደለም፤ የቆምንበትን መሠረት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ፍትሕ ሳይሆን ተራ ነው፤ ትናንት የእነሱ ተራ፣ ዛሬ የእኛ፣ ነገ ደግሞ የማን እንደሆነ እንጃ።

የአገራችን ኳስ ይህንን እውነት ከብዙዎች ቀድሞ ያወቀበት ዘመን ነበረ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም አለች። ከውድድሩም ወጣች። በዚያ መድረክ ኢትዮጵያን ይወክሉ ከነበሩት አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተጫዋች ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላም ከ1964 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ከአፓርታይድ ጋር መታገላቸውን አላቆሙም። ገና አራት አባል ብቻ ያለው ማኅበር አንዱን አባሉን ማጣት እንደሚጎዳው እያወቀ «ከገዛ ዘሬ ጋር ብቻ» የሚል ሰው ጨዋታው ውስጥ ቦታ የለውም አለ።

በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ 4 ለ 2 አሸንፋ ስታነሣ አምበሉ ሉችያኖ ቫሳሎ ነበረ፤ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጣልያን አገራችንን ለቆ ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። በስታዲየሙ ከተቀመጡት መካከል በጣልያን መርዝና ጥይት ወገኑን ያጣ ሰው እንደነበረ መገመት አይከብድም። ያም ሆኖ የቫሳሎን ስም ጠርተው ጨፈሩ። በዚያች ቀን ልጁ የአባቱን አገር ዕዳ አልተጠየቀም። ሕዝቅኤል 18 ሜዳ ላይ ሲጫወት ይህን ይመስላል።

የኤፌሶን ስታዲየም

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስታዲየም ሕዝብ አይናገርም ብላችሁ ካሰባችሁ ሐዋርያት ሥራ 19ን ተመልከቱ። ኤፌሶን ብዙ ሺህ ሰው የሚይዝ ቲያትር ነበራት። የብር አንጥረኞቹ ጳውሎስ ገበያቸውን እንደሚነካባቸው ሲያዩ ሕዝቡን አነሣሡ። ልብ በሉ፤ የተነሣው ነገር የገንዘብ ነበረ፤ የተለበሰው ግን የከተማ ፍቅርና የሃይማኖት ክብር ነው። ሕዝቡ የጳውሎስን ጓደኞች እየጎተተ ወደ ቲያትሩ ገባ። ሉቃስ እዚህ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፤ አብዛኛው ሰው ለምን እንደተሰበሰበ እንኳ አያውቅም ነበር። ግን ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ድምፅ ጮኸ። ይህም ከአንድ የኳስ ጨዋታ ይረዝማል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምን እንደሚጮኽ ሳያውቅ የጮኸ ሰው ጥፋተኛ ነው? አንዳንዱ «ሕዝብ ነው የጮኸው» ይላል። ሕዝብ የሚባል ጉሮሮ ግን የለም። እያንዳንዱ ድምፅ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ስም አለው፤ እናት አለው፤ አንዳንዱም የጸሎት ቤት አባል ነው። በዘጸአት 23 ላይ ለክፉ ነገር ብዙዎችን መከተል የተከለከለው ለዚህ ነው። ሕጉ የተሰጠው ለሕዝቡ በጅምላ ሳይሆን በሕዝቡ መካከል ለቆመው ለአንዱ ሰው ነው። ብዛት ኃጢአትን ይደብቃል እንጂ አያካፍለውም። አሥር ሺህ ሰው አንድ ስድብ ቢዘምር ስድቡ ለአሥር ሺህ አይቆራረስም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉውን ይደርሰዋል።

ዮናስ በጥላ ፎቅ

ስለ ደጋፊ ልብ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥብኝ የዮናስ መጽሐፍ አራተኛው ምዕራፍ ነው። ዮናስ ለነነዌ ሰብኮ ከከተማይቱ ወጣ፤ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠራ፤ ከጥላው ሥር ተቀምጦ በከተማይቱ ላይ የሚሆነውን ለማየት ጠበቀ። የእኛ አገር ስታዲየም ጥላ ያለውን መቀመጫ «ጥላ ፎቅ» እንለዋለን። ዮናስ ጥላ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ነው። የሚጠብቀው የገዛ ወገኑን ግብ አይደለም፤ የሌላውን ጥፋት ነው። በሰማይ ላይ እሳት ሳያይ ሲቀር ተቆጣ፤ መሞትንም ለመነ።

ዮናስ የነነዌን ክፋት አልፈጠረውም። ነነዌ በእውነት ጨካኝ ነበረች፤ የዮናስ ወገኖች በአሦር ብዙ ተበድለዋል። እግዚአብሔርም «በድለውኛል» የሚለውን አልካደበትም። ይልቁን ቅል አበቀለለት፤ ትልም ላከበት፤ ከዚያ ጥያቄ ጠየቀው። ስላልደከምክባት ቅል ካዘንክ እኔ ከመቶ ሃያ ሺህ ለሚበልጥ ሰው፣ ለከብቱም ጭምር አላዝንም ወይ አለው። መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያበቃል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም። ያልተጻፈው ለእኛ ቦታ ለመተው ይመስለኛል።

ሦስት መፈተኛዎች

እንግዲህ ልባችን ከደጋፊነት ወደ ጥላቻ መሻገሩን በምን እናውቃለን? ሦስት መፈተኛ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው እውነት ነው። ዳኛው ለእኛ ተሳስቶ ፍጹም ቅጣት ምት ቢሰጠን «አልነበረም» ማለት እንችላለን? ኳሱን በእጁ ነክቶ ያገባው የእኛ ልጅ ቢሆን በእጁ ነክቷል እንላለን? ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሁለተኛው መልእክቱ ሲጽፍ የሚታገል ሰው በሕጉ ካልታገለ አክሊል እንደማያገኝ ይነግረዋል። በሐሰት የመጣ ድል ድል አይደለም ማለት ነው። ስለ ክለባችን እውነት መናገር ያቃተን ቀን ስለ ብሔራችን፣ ስለ ፓርቲያችን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችንም እውነት መናገር ያቅተናል። ልምምዱ አንድ ነውና።

ሁለተኛው ፊት ነው። ተጋጣሚው ቡድን ውስጥ ያለ ተጫዋች እግሩ ሲሰበር ምን ይሰማናል? በልባችን ጥግ ትንሽ ደስታ ካለች፣ ያቺን ደስታ አናስታምማት። ከፊት ለፊታችን ያለው መለያ የለበሰ ጨርቅ አይደለም፤ እናቱ በሬዲዮ የምታዳምጠው ልጅ ነው።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዘርን የሚሰድብ ዜማ ሲያነሣ አፋችንን መዝጋት እንችላለን? ይህ ከሦስቱ የሚከብደው ነው፤ ዋጋ ያስከፍላልና። «ባንዳ» ሊሉን ይችላሉ። ጓደኛ ልናጣ እንችላለን። በእነዚህ ዓመታት ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለው ስም ምን ያህል እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ጀግና ሁኑ አልላችሁም። ግን ትልቅ ነገር የጀመረው ብዙ ጊዜ በትንሽ ዝምታ ነው። አንድ ሰው ዝም ሲል ጎኑ ያለው ያየዋል። ጎኑ ያለውም ለምን እንደሚጮኽ ድንገት ራሱን ይጠይቃል።

ወሎነታችን ይርዳን

ይህን ለመማር እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። ወልድያ መንገዶች የሚጋጠሙባት ከተማ ናት፤ ከደሴ፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደር፣ ከአፋር የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። መንገደኛን ማብላትና ማሳደር የቆየ ሙያችን ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት አጎትና የወንድም ልጅ ሆኖ የሚኖርበት አገር ነው። ቅሬያችን ሬሳ ሲያነሣ ሟቹ በየት በኩል እንደሚጸልይ አስቀድሞ አይጠይቅም። እኛ ወንጌላውያን በቁጥር ጥቂት ነን፤ ግን ሰው ሲሞትብን መቃብር ቆፋሪው ጎረቤታችን ነው። ጥቂት ሆኖ በሌሎች ደግነት መኖር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። ጥቂት ሆኖ እንግዳ ሜዳ ላይ የመጣውን ደጋፊ ልናውቀው የሚገባን እኛ ነን።

የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ላይ ጌታ ጠያቂውን ባልጠበቀው በኩል ነው የያዘው። ሰውዬው ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ድንበሩ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ ጌታ ደግሞ የጠላት ወገን የሚባለውን ሳምራዊ የምሕረት ምሳሌ አድርጎ አቆመበት። ኅዳር 24 ቀን ሲሸሹ ለነበሩት በር የከፈተ ሰው ኖሮ ከሆነ፣ በማንኛውም እምነት ይሁን፣ የዚያን ቀን የወልድያ አሸናፊ እርሱ ነው። ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም፤ ነጥብም የለውም። ግን ከተማ በእንዲህ ያለ ሰው እንጂ በዋንጫ አይቆምም።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሴ፦ አዎን፣ ክርስቲያን ደጋፊ መሆን ይችላል። ከተማችሁን ውደዱ፤ መለያውን ልበሱ፤ ሲያገባ ዝለሉ፤ ሲሸነፍ እዘኑ። ወልድያ አንድ ቀን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ቢመለስ እኔም ከመርሳ ተጭኜ የምወጣ ነኝ። ነገር ግን ከመቀሌም፣ ከጅማም፣ ከሐዋሳም የሚመጣው ሰው ሜዳችን ሲደርስ የመጀመሪያው ነገር የሚቀምሰው ውኃ እንዲሆን የምታደርጉ እናንተ ሁኑ። እርሱ ባይመጣ ጨዋታ የለንም።

ለቡድን ውይይት

1. «ተጋጣሚ» እና «ጠላት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ከኳስ ውጭ በምን ሕይወታችሁ ውስጥ ታዩታላችሁ?

2. ሐዋርያት ሥራ 19፥23-41ን አብራችሁ አንብቡ። ሕዝቡን በመጨረሻ ያበረደው ማን ነው? ምንስ ብሎ?

3. እውነተኛ በደል የደረሰበት ሰው ፍትሕን እየጠየቀ ጥላቻን እንዴት ሊጠበቅ ይችላል? ሕዝቅኤል 18 እና ዮናስ 4 ምን ይረዱናል?

4. ከሦስቱ መፈተኛዎች ለእናንተ የሚከብደው የትኛው ነው? በኅብረታችሁ ውስጥ እርስ በርስ ለመረዳዳት ምን ታደርጋላችሁ?